የሚያነክሰው ምት

ዓርብ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሲንኮሻኮሽ መዝገቡ እግሩን ከሽመና ዕቃው መርገጫ ላይ አላነሳም። ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ይጮኻል፤ የለመደው ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ መዝገቡ ከሚሠራበት የሸማኔዎች ሼድ በላይ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ድምፅ ማጉያውን አጥሩ ላይ ሰቅለው አፉን ወደ ቁልቁለቱ አዙረውታል። ተማሪው ይስማ አይስማ እንጃ፤ ሸማኔው ግን የማን ልደት እንደሆነ፣ የማን ጃኬት እንደጠፋ፣ ኳሱን ማን እንዳሸነፈ ሳይወድ በግዱ ይሰማል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ብሎ የተረተው ሰው በዚህ ሰፈር ሳያልፍ አልቀረም።

ያን ዕለት የሚያነበው ኢምራን ነበር፤ ከታች በኩል ሱቅ ያለው የጀላል ልጅ።

“የዛሬው ልዩ ዝግጅታችን የሽሮ ሜዳን ገበያ ይመለከታል” አለ ኢምራን። “የእጅ ሥራ ተብለው ከሚሸጡት ልብሶች ብዙዎቹ በእጅ የተሠራው ዳራቸው ብቻ ነው። መሃላቸው የመኪና ጨርቅ ነው። አንድ ሸማኔ እንደነገሩን፣ ‘ጥለቱን እኛ እንሠራለን፤ ጥለቱ መኪና በሠራው ጨርቅ ላይ ይሰፋል፤ ሲሸጥ ግን ሁሉም የእጅ ይባላል። እንዲህ ከቀጠለ እግራችንን ከትተን የምንሸምንበት ጉድጓድ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል።’”

መዝገቡ የክር መወርወሪያውን እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቃሉ የራሱ ነበር። ባለፈው እሁድ ሽንኩርት እየላጠ ለልጁ የነገራት ቃል፣ አንድም ሳይጎድል።

ስሙ ግን አልተነሳም። ቀና ብሎ ጓደኞቹን ቃኘ፤ ማንም ወደሱ አላየም። ትንሽ ተነፈሰ። ያኔ ነው ኢምራን ዝም ያለውና ድምፅ ማጉያው ሌላ ነገር ማሰማት የጀመረው።

ቷ ቷ … ቷ። ቷ ቷ … ቷ።

በሼዱ ውስጥ ያሉት የሽመና ዕቃዎች አንድ በአንድ ቆሙ።

ለማያውቅ ሰው ሽመና ሁሉ አንድ ድምፅ ነው። ሸማኔ ግን ጓደኛውን ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ይለየዋል፤ ሰው የቤተ ሰቡን ሳል እንደሚለየው ማለት ነው። አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ መምቻውን ሚስቱን የሚቆጣ ይመስል ይጥለዋል። መዝገቡ ደግሞ ትውልድ አገሩ ጨንቻ ሳለ፣ ገና በልጅነቱ፣ ታሞ ግራ እግሩ ሰለለች። ስለዚህ መርገጫው በግራ ሲሆን ይዘገያል። ሁለቱ ምት ተከታትለው ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ዳገት እንደወጣ ሰው አርፍዶ ይደርሳል። በሽሮ ሜዳ እንደሱ የሚመታ ሌላ ሸማኔ የለም።

“እንኳን ደስ ያለን” አለ ብሩኪ፣ ከሁሉም ወጣቱ። “ዕቃችን አርቲስት ሆነ።”

የሳቀ አልነበረም። ሁሉም ወደ መስኮቱ፣ ወደ መዝገቡ ዞሩ። ሳቢትም ዞረ። መዝገቡን ያስፈራው የሌሎቹ ዓይን አይደለም፤ የሳቢት ነው።

ሳቢትና መዝገቡ አይነጋገሩም። ነገሩ የመስኮት ነገር ነው። ሼዱ አንድ ደህና መስኮት ብቻ አለው፤ የሼዱ ጌታ ደቃቅ ጥለት የሚሠራ ብርሃን ያስፈልገዋል ብሎ ቦታውን ለመዝገቡ ሰጠ። የሳቢት ዓይን ደግሞ እየደከመ ነበር። አንድ ቀን ሰርግ ቤት፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ “ያ አንካሳ ብርሃኑን ይዞ እኛን አሳወረን” አለ፤ ሰውም ሳቀ። መዝገቡ እንዲህ ያለ ነገር የሚረሳ ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለም።

የሼዱ ጌታ ጋሽ ኃይለ መለኮት ይባላል። ሼዱ የሱ፣ ክሩ የሱ፣ የመኪናውን ጨርቅ የሚያስመጣው እሱ፣ ከመስኮቱ ግድግዳ ጀርባ ያለችው መዝገቡ ከልጁ ጋር የሚኖርባት ክፍልም የሱ። አባቱ ሸማኔ ነበር ይላሉ፤ እሱ ግን ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ አያውቅም። አንድ ሸማኔ ለራሱ ደንበኛ ጋቢ ሠርቶ ቢሸጥ ዕቃውን አስነቅሎ ዝናብ ላይ አውጥቶበታል። ያ ሰው አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የመዝገቡ ዕቃ ከተነቀለ ክፍሏም አብራ ትሄዳለች፤ ክፍሏ ከሄደች ልጅቱ ትምህርቷን የት ሆና ልትማር ነው?

ከሰዓት በኋላ ልጁ ሚስጥር ከትምህርት ቤት መጣች። እናቷ ወለተ ሥላሴ የታመመች እናቷን ለማስታመም ጨንቻ ከሄደች ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነው። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ “ሰማኸው?” አለችው። ፊቷ በርቶ ነበር።

“ሰማሁት።”

“ስምህ አልተነሳም አይደል? የኔም የለም። ያንተንም ቃል ኢምራን ነው ያነበበው። የክበባችን ቲቸር ቡርቱካን ምንጭሽን ጠብቂ ብላኝ ነበር፤ ጠበቅኩ።”

“የጮኸው የማን ዕቃ ነው?”

“እ… ማለቴ፣ እሱማ ድምፅ ብቻ እኮ ነው አባዬ።”

“ዕቃው ሁሉ ቆሞ አዳመጠኝ።”

ልጅቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሲገባት አየው፤ የፊቷ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ሲጠፋ። እሷ የተወለደችው ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። ሕፃን ሆና የተኛችው፣ ፊደል የቆጠረችው፣ የቤት ሥራዋን የሠራችው ያንን ምት እየሰማች ነው።

“እኔ ሽመና ሁሉ እንደሱ ይመስለኛል” አለች። “ሁለቱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግየት። ያንተ ብቻ መሆኑን አላወቅኩም።”

“ለምን ጨመርሽው?”

“ሰው በጆሮው ቦታውን እንዲያይ ነዋ። ደግሞ… ያምራል።”

መዝገቡ ግራ እግሩን አየ። ስለዚያች እግር ብዙ ነገር ሰምቷል፤ ያምራል ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ልጅቱ ሚኒ ሚዲያ የገባችው አምና፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ያውም በጓደኛዋ ግፊት። ዝምተኛ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የሠራችው ዜና የሴቶች ሽንት ቤት ውኃ ስለሌለው ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቀች፣ ዘበኛውን ጠየቀች፣ ቆማ ቆማ በመጨረሻ ዳይሬክተሩንም ጠየቀች። ዓርብ ተነበበ። በሳምንቱ ውኃው መጣ። ያን ቀን ወደ ቤት የመጣችው እየሮጠች ነው፤ “አባዬ፣ ስጠይቃቸው መለሱልኝ እኮ” እያለች። ከዚያ ወዲህ አካውንቲንግ የሚባለው ወሬ ከቤቱ ጠፋ። “የምማረውን አውቄዋለሁ፤ ጋዜጠኝነት ነው” አለች። መዝገቡ ያኔ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። እሱ የሚያውቀው ጋዜጠኛ ወይ ያጨበጭባል ወይ ይታሰራል፤ መሃል ላይ ያለውን አላየም። ቢሆንም ዓርብ ዓርብ ድምጿን ሲሰማ መምቻውን ቀስ አድርጎ ይመታ ነበር፣ እንዳይሸፍናት።

አሁን ግን ክበቡን ሊያስተዋት ፈለገ። ምላሱ ላይ የተዘጋጀች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ይህን ሥራ ለባለሥራው ተዪለት የምትል። ሊላት አፉን ከፍቶ ሳለ የቃሉ ጣዕም አስታወሰው። ሰባተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ የጠየቀውን የሚያውቅ መስሎት እጁን አወጣ። መምህሩም፣ “አንተ እጅህን ለመወርወሪያው አቆየው” አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዓመቱ መዝገቡ ጉድጓድ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣ። ያ መምህር ስብሰባ ላይ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ መተረት ይወድ ነበር። ይቺን ተረት የሚወዷት ድር ነክተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

አፉን መልሶ ዘጋው።

“ሄጄ እኔ ነኝ ልበለው?” አለች ሚስጥር።

“እንዳታደርጊው። ሞኝ አትሁኚ።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ዝም። ዝም አይነቅዝም።”

ቅዳሜ ጋሽ ኃይለ መለኮት ገበያው ላይ ነበር፤ ወደ ሼዱ አልመጣም። መዝገቡ በዚያ ቀን ምቱን ሊቀይር ሞከረ። ቀኝ እግሩ የግራውን ሥራ እንዲደርብ አደረገ። ድሩ ተበጠሰ። ቀጠለው፤ እንደገና ተበጠሰ። ክርና ላብ ሆነ።

“ጋሼ መዝገቡ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?” አለ ብሩኪ። “ጨርቁ ብርድ የመታው ይመስላል።”

ሳቢት ከማዶ ሆኖ ያዳምጣል። ዓይኑ ስለደከመ አንገቱን አዘንብሎ በጆሮው ነው ሰውን የሚያየው። ሁሉም ገብቶታል፣ ሲል አሰበ መዝገቡ። መስኮቱን የሚወስድበት ቀን ደረሰለት።

እሁድ ቁስቋም ማርያም ቅጥር ውስጥ ጋሽ ኃይለ መለኮትንና ሳቢትን አንድ ዛፍ ሥር ቆመው አያቸው። ጌትዬው ይናገራል፣ ሳቢት መሬት መሬት እያየ ይሰማል። መዝገቡ ሳይሳለም ተመለሰ። ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ ከወትሮው ይበልጥ ከበደችው። ቤት ሲደርስ ሚስጥር ልብስ እያጠበች ነበር፤ ፊቱን አይታ አልጠየቀችውም። ጠያቂዋ ልጅ መጠየቅ ፈራች። ይኼ ደግሞ ሌላ ሸክም ሆነበት። ከሰዓቱን ሙሉ ዓይኑ የቤት ዕቃ ሲቆጥር ዋለ፤ አልጋው በበሩ ይወጣል፣ ቁም ሳጥኑ ግን ካልፈረሰ አይወጣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ኃይለ መለኮት መጣ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ስልኩን ይዟል።

“ደህና አደራችሁ” አለ። “ሥራ አቁሙ።”

አቆሙ።

“አንድ ተማሪ ቀርፆ ቴሌግራም ላይ ለቆታል። ደንበኞቼ ይልኩልኛል፤ ካሉበት እየደወሉ ይስቁብኛል።” ስልኩን ከፍ አደረገው። የኢምራን ድምፅ መጣ፣ ከዚያም ያ ነገር፤ ቷ ቷ … ቷ። “ጉርሻዬን እየበላ ጣቴን የነከሰ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አለ። ልጆቹን እዚያ ትምህርት ቤት የማያስተምር የለም፤ ስለዚህ ልጁን አልጠይቅም። ይኼ ዕቃ የማን ነው? ይኼን ብቻ ነው የምጠይቀው።”

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሳቢት” አለ ጋሽ ኃይለ መለኮት። “ትናንትም ነግሬሃለሁ። አንተ አሮጌ ሸማኔ ነህ፤ ጆሮህ አይስትም። ይቺን መስኮት ስትለምነኝ ነው የኖርከው። ንገረኝና ዛሬውኑ ዕቃህን አዙር።”

መዝገቡ ወደ ጉድጓዱ አየ። እግሮቹ እዚያ ታች፣ ጨለማ ውስጥ፣ የሌላ ሰው እግሮች መሰሉት። በልቡ አልጋውን አውጥቶ፣ ቁም ሳጥኑን አፍርሶ፣ ልጁን አስከትሎ ዳገቱን ጀምሯል።

ሳቢት ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። “እስቲ ድገምልኝማ” አለ።

ጋሽ ኃይለ መለኮት ደገመለት። ሳቢት አንገቱን አዘንብሎ እስኪያልቅ ሰማ።

“ይኼማ የኢዮብ ነው” አለ።

“የትኛው ኢዮብ?”

ሳቢት በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። በሩ አጠገብ ሳንቃ የተከደነበት ጉድጓድ አለ። ኢዮብ የሚባለው ሸማኔ አምና በጾሙ ወር ከሞተ ወዲህ ማንም አልገባበትም።

“የሞተው?” አለ ጋሽ ኃይለ መለኮት።

“የሞተው። ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ነበር የሚመታው። በመጨረሻ ጊዜ ልቡ ደክሞ ያርፍ ነበር። ልጆች ይገቡ ይወጡ የለ፤ ያኔ ቀድተውት ይሆናል።”

“እውነት ነው፣ የኢዮብ ነው” አለ ብሩኪ በፍጥነት። “እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት።”

“ነፍስ ይማር” አለ አንዱ ከጥግ።

“ነፍስ ይማር” አሉ ሁሉም።

ጋሽ ኃይለ መለኮት አንድ በአንድ አያቸው። ሞኝ ሰው አይደለም። “ይሁን” አለ። “እስቲ ሥራችሁን ሥሩ። ሁላችሁም። እኔም ጆሮ አለኝ።”

ዕቃዎቹ ተነሱ። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከጉድጓድ ጉድጓድ መዞር ጀመረ። ብሩኪ ጋ ቆመ፣ አለፈ። ሳቢት ጋ ቆመ፣ አለፈ። መዝገቡ ጋ ደረሰና መስኮቱን ጋርዶ ቆመ።

“ምን ትጠብቃለህ? ሥራ እንጂ።”

መዝገቡ ቀኝ እግሩን አዘዘው፤ አልታዘዘም። ሰውነት ሲፈራ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚያደርገው። መርገጫውን ረገጠ። ቷ ቷ … ቷ። ከስልኩ ውስጥም፣ ቷ ቷ … ቷ። ሁለቱ ድምፆች መንታ ሆነው አብረው ሄዱ፤ ዘግይቶ የሚመጣው ሦስተኛው እንኳ እኩል ወደቀ። ላቡ ከመዝገቡ ግንባር ወርዶ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። እንደገና መታ። እንደገና። ሲያልቅ ምን እንደሚል እያሰበ ነበር፤ ልጄን ተዋት፣ እኔን አውጣኝ እንጂ ልጄን ተዋት የሚል ቃል ነበር ያዘጋጀው።

ጋሽ ኃይለ መለኮት ስልኩን ከጆሮው ላይ አነሳ። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ዳሰሰው።

“ይኼ ጥለት ጠበበ” አለ። “አስፋው።”

ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄደ።

በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ፣ “በሼዴ ውስጥ የሚያወራ ሟች ሁለተኛ እንዳልሰማ” አለና ወጣ። የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ።

መዝገቡ መምቻውን ለቀቀ። ተርፏል። ክፍሏም ዕቃውም ተርፈዋል። እመቤቴ ሆይ ተመስገኚ አለ። ምስጋናውን ሳይጨርስ ግን አንድ መራራ ነገር ከሆዱ ወደ ላይ መጣ። ይኼ የሼዱ ጌታ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ በር ሲገባ ሲወጣ ኖሯል። በዚህ እግር የተሠራ ስንት ጥበብ ሸጧል፣ ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ ድሮበታል። አጠገቡ ቆሞ፣ ድምፁን በአንድ ጆሮው ከስልክ በአንድ ጆሮው ከጉድጓድ እየሰማ፣ አላወቀውም። አዳምጦት አያውቅማ። መዝገቡን ያዳነው ይኼው ንቀት ነው። ሰው በተናቀበት ሲተርፍ ይሳቅ ወይስ ያልቅስ ግራ ይገባዋል።

ምቱን ሰምታ፣ ያምራል ብላ፣ ለሰው ያሰማችው አንዲት ልጅ ናት። ለዚያም ነው ልታጠፋው የነበረችው።

ቀና ሲል ሳቢት አንገቱን ወደሱ አዘንብሏል።

“መስኮቱን ና ውሰደው” አለው መዝገቡ። ከስንት ዘመን በኋላ የመጀመሪያው ቃሉ ነው፤ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ወጣ።

“ተወው። ጆሮዬ ደህና ነው” አለ ሳቢት። መወርወሪያውን አንስቶም፣ “ልጅህን ግን ንገራት። የኔን ከቀዳች አንገቷን ነው የማንቃት።”

“በዚያ ዓይንህ አታገኛትም።”

“እሷስ ባንተ እግር ነው የምትሮጠው።”

ብሩኪ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መዝገቡ አልሳቀም፣ ግን ደግሞ አልተቆጣም። ስለ እግሩ መቀለዱ ዛሬ እንደ ሌላው ጊዜ አልቆረጠውም።

ማታ፣ ራት ላይ፣ ሚስጥር አንድ ጉርሻ ይዛ ስትቆይ አያት። “ዳይሬክተሩ ጠርቶን ነበር” አለች። “ወላጅ ኮሚቴ አቤት ብሏል። ጋሽ ኃይለ መለኮት ኮሚቴው ውስጥ አሉበት። ማን እንደጻፈው ቲቸር ቡርቱካን አልተናገረችም። ከእንግዲህ ግን ስለ ገበያ የለም። ዓርብ ስለ ችግኝ ተከላ ነው የምናነበው።”

“አንቺ ነሽ የምታነቢው?”

“ተራዬ ነው። ልቅር እንዴ? ከፈለግክ ክበቡንም እተወዋለሁ። አንተን አስወጥቼ የምሆነው ጋዜጠኛ የለም።”

ልጅቱ ከልቧ ነበር። በቃ፣ አዎ፣ ተዪው ቢላት ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዓርብ ዓርብ ቁም ሳጥኑን እንዴት እንደሚያወጣ አያስብም። አዎ የሚለው ቃል ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር። ከግድግዳው ባሻገር ብሩኪ አምሽቶ የሚሠራው ዕቃ ይሰማል፤ ችኩል ነው፣ ትንፋሽ የለውም።

“ይኼ የማን ነው?” አላት።

አዳመጠች። “አላውቅም። የብሩኪ?”

“የብሩኪ። ይቺን ሳትለዪ ሰው እሰውራለሁ ብለሽ ነበር።”

አንገቷን ደፋች።

“ችግኙን አንብቢ” አለ መዝገቡ። “አምናም ተክለዋል። ማን እንደተከለው፣ ማን ውኃ እንዳጠጣው፣ የት እንደደረቀ ጠይቂ። ስትጠይቂ ደግሞ ሰውዬው በምን እንደሚታወቅ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ።”

“አትፈራም?”

“እፈራለሁ” አለ መዝገቡ። “ብዪ፣ ጉርሻሽ ቀዘቀዘ።”

ዓርብ ረፋድ ላይ ድምፅ ማጉያው አጥሩ ላይ ተንኮሻኮሸ። የመኪና ድምፅ ከታች ይሰማ ነበር፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። “እንደምን አረፈዳችሁ” አለች ሚስጥር፣ ከዳገቱ ላይ፣ ለሰፈሩ ሁሉ።

መዝገቡ ሊያዳምጣት እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ።